ሆድ ሲብስ ምን ይከፈታል? የሚያስለቅስ ፊልም ወይስ የሚያጽናና

እናታችን ካረፈች አራት ወር ሆኗት ነበር። ታላቅ እህቴ እስከዚያ ድረስ አላለቀሰችም። በቀብሩ ዕለት ድንኳን ስታስተክል፣ ንፍሮ ስታስቀቅል፣ እንግዳ ስትቀበልና ስትሸኝ ዋለች። በሠልስቱም እንደዚያው። ከዚያ ሥራ ገባች። ማታ ማታ ወጥ ቤት ገብታ ስልኳን ከስኳር ዕቃው ጋር ታስደግፍና ኮሜዲ ትከፍታለች። ሽንኩርት እየከተፈች ታያለች። አንዳንዴ ከንፈሯ ፈገግ ይላል። ድምፅ ግን የለውም።

አንድ ማታ ኮሜዲው አለቀና ሌላ ፊልም ተከተለ። «ዘ ፐርሱት ኦፍ ሃፒነስ» ነው፤ በ2006 የወጣው፣ ዊል ስሚዝ ከገዛ ልጁ ጋር የሠራው። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) አባትና ልጅ ማደሪያ አጥተው የባቡር ጣቢያ ሽንት ቤት ውስጥ የሚያድሩበት ቦታ ላይ ደረሰ። ልጁ ተኝቷል። ከውጭ ሰው በሩን ይደበድባል። አባትየው በሩን በእግሩ ገፍቶ ይዞ፣ ድምፅ ሳያሰማ እንባው ይወርዳል። እህቴ ቢላዋውን አስቀመጠች። ምድጃውን አጠፋች። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብላ «እማዬ» እያለች አለቀሰች። ስትጨርስ ፊቷን ታጠበችና «ወጣልኝ» አለችኝ።

በዚያው ሰሞን አንድ ጓደኛዬ ይህንኑ ፊልም አየ። «ተስፋ ይሰጥሃል» ብሎ የመከረው ሰው ነበር። ጓደኛዬ የሦስት ወር የቤት ኪራይ ውዝፍ አለበት። አከራዩ ልቀቅ ብሎታል። ልጁ ገና አምስት ዓመቱ ነው። ፊልሙን እኩል ላይ አቋርጦ ተነሣ። ሌሊቱን ሙሉ አልተኛም። በማግስቱ ሲነግረኝ «ራሴን ነው ያየሁት» አለ።

ይህ ፊልም «ተስፋ የሚሰጡ ፊልሞች» በሚል በሚወጣ ዝርዝር ሁሉ አይጠፋም። ልብ ብላችሁ ካያችሁት ግን ወደ ሁለት ሰዓት ከሚጠጋው ርዝመቱ ውስጥ ሰውየው የሚሳካለት መጨረሻ ላይ፣ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ መከራ ነው። አንዷን አሳረፋት፣ አንዱን አሳደደው። እኔም ከዚያ ወዲህ ፊልምን «የሚያሳዝን» እና «የሚያስደስት» ብሎ ለሁለት ከፍሎ መምከር ትቻለሁ። በክፉ ቀን ምን ልይ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው መጀመሪያ ሁለት ነገር እጠይቀዋለሁ።

መጀመሪያ ሁለት ጥያቄ

አንደኛው፦ መከራው አልፏል ወይስ ገና እየሆነ ነው?

ሰው ሞቶባችሁ ተቀብሮ ከሆነ ክፉው ነገር ደርሶ አልፏል። የቀረው ኀዘኑ ነው። ኀዘን ደግሞ መውጣት ይፈልጋል። ካልወጣ ሆድ ውስጥ ይቀመጣል፣ ራስ ምታት ይሆናል፣ በትንሽ በትልቁ መነጫነጭ ይሆናል። ለእንዲህ ያለው ሰው አሳዛኝ ፊልም መጥፎ አይደለም። አንዳንዴ የጎደለው እሱ ነው።

ታማሚ እያስታመማችሁ ከሆነ ግን፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮ እየጠበቃችሁ ከሆነ፣ ቤተሰባችሁ ያለበት አካባቢ ስልክ ተቋርጦ ወሬ እየጠበቃችሁ ከሆነ፣ ገና መሃሉ ላይ ናችሁ። ነገ ጠዋት ተነሥታችሁ መቆም አለባችሁ። ያኔ የሚያስፈልጋችሁ ጉልበት ነው። እንባ ጉልበት ይወስዳል። እዚያ ላይ ቀለል ያለውን ምረጡ፤ ፈታ የሚያደርግ፣ አእምሮን ለአንድ ሰዓት ከሥራ የሚያሳርፍ።

ሁለተኛው፦ የፊልሙ ቁስል ከእናንተ ቁስል ምን ያህል ይርቃል?

እህቴ ያጣችው እናቷን ነው። ፊልሙ ስለ ቤት ማጣት ነው። ርቀት ነበረው። በሌላ ሰው ደጅ ገብታ የራሷን አለቀሰች። ለቅሶ ቤት የሄደ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። የማያውቁት ሰው አስከሬን ወጥቶ፣ ከዓመት በፊት የቀበሩት ወንድም ትዝ ብሎ የሚያለቅሱ እናቶች አሉ። የሰው ለቅሶ ለራስ እንባ መንገድ ይከፍታል። ጓደኛዬ ግን ያየው የራሱን ደጅ ነው። ቁስሉ ላይ ጣት ነው ያረፈበት።

እንግዲህ መከራው አልፎ፣ ፊልሙም ራቅ ካለ፣ አሳዛኙን አትፍሩት። መከራው ገና ከሆነ፣ ፊልሙም ቅርብ ከሆነ፣ ምንም ያህል ቢወደስ ይቆይ። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ሲሆን ነው መመዘን የሚያስፈልገው።

ሳቅ ምን ይሠራል፣ እንባስ

ሳቅን የሚንቁ አሉ። ሰው እየሞተ፣ አገር እየተቃጠለ ኮሜዲ ማየት ነውር የሚመስላቸው። ይህ ክርክር አሮጌ ነው። በ1941 ፕሬስተን ስተርጀስ የተባለው አሜሪካዊ ዳይሬክተር «ሰሊቫንስ ትራቭልስ» የሚል ፊልም ሠርቶበታል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ኮሜዲ እየሠራ ሀብታም የሆነ ዳይሬክተር ነው። ኮሜዲው ያሳፍረዋል። ስለ ድሆች መከራ ከባድ ፊልም ልሥራ ብሎ ቡትቶ ለብሶ መንገድ ይወጣል። ነገሩ ከእጁ ወጥቶ እውነተኛ እስረኛ ይሆናል፤ በሰንሰለት ታስሮ የጉልበት ሥራ ይሠራል። አንድ ማታ እስረኞቹን የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ይወስዷቸውና የካርቱን ፊልም ያሳዩአቸዋል። እስረኛው ሁሉ በሳቅ ይፈነዳል። እሱም ሲስቅ ራሱን ያገኘዋል። ከእስር ሲወጣ ያንን ከባድ ፊልም መሥራቱን ይተወዋል።

እኔ ይህን ፊልም ግማሹን ነው የምቀበለው። የታሰረ ሰው መሳቅ እንደሚያስፈልገው እውነት ነው። እስሩ ገና አላለፈም፤ ነገም ድንጋይ ሊፈልጥ ነው። ነገር ግን ከእስር የወጣ ሰው ከዓመት በኋላ ሌሊት እየባነነ ሲነሣ ካርቱን አይበቃውም።

ዶልፍ ዚልማን የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1988 ባወጣው ጽሑፍ፣ ሰው የሚያየውን የሚመርጠው ስሜቱን ለማስተካከል ነው ብሏል። የከፋው የሚያስቀውን፣ የሰለቸው የሚያነቃውን ይመርጣል እንደ ማለት ነው። ነገሩ ልክ ይመስላል። ግን ታዲያ የከፋው ሰው ለምን ትዝታ ይከፍታል? ከፍቅረኛው የተለየ ሰው ለምን የመለያየት ዘፈን ደጋግሞ ይሰማል? ከዚልማን በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ይህን አንሥተዋል። ሰው ደስታ ብቻ አይደለም የሚፈልገው፤ ትርጉምም ይፈልጋል። የደረሰበት ነገር በሌላ ሰው ላይ ሲደርስ አይቶ «ለካ ይህ የሰው ነገር ነው» ማለት ይፈልጋል።

አንድ ጥናት በጣም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ 361 ተማሪዎች ስለ ጦርነትና ስለ ተለያዩ ፍቅረኞች የሚተርክ አሳዛኝ ፊልም አጠር ተደርጎ ታያቸው። በ2012 ነው ውጤቱ የወጣው። ፊልሙን አይተው ስለሚወዱት ሰው ያሰቡት፣ ስለ እናታቸው፣ ስለ ወንድማቸው፣ ስለ ጓደኛቸው፣ ደስታቸው ጨመረ። «የእኔ ኑሮ ከነዚህ ሰዎች ይሻላል» ብለው ስለ ራሳቸው ያሰቡት ግን ምንም አላገኙም። ስለዚህ አሳዛኝ ፊልም ካያችሁ በኋላ ራሳችሁን ከሰው ጋር አታወዳድሩ። ስልክ አንሱና አንድ ሰው ደውሉለት።

በአንድ ትኬት ሁለት ፊልም

ለዚህ ጉዳይ እንደ 1988ቱ የጃፓን ምሳሌ የሚሆን አላውቅም። ኤፕሪል 16 ቀን ስቱዲዮ ጂብሊ ሁለት የአኒሜሽን ፊልሞችን በአንድ ላይ አወጣ። አንዱ የኢሳኦ ታካሃታ «የአብሪ ትሎች መቃብር» ነው። ሌላው የሃያኦ ሚያዛኪ «ጎረቤቴ ቶቶሮ»። ሲኒማ የገባው ሰው በተከታታይ ሁለቱንም ያያል። አንዱ ከማውቃቸው ፊልሞች ሁሉ የጨለመ ነው። ሌላው ከማውቃቸው ሁሉ ልብን የሚያሞቅ ነው።

«የአብሪ ትሎች መቃብር» በ1945 ኮቤ ከተማ በቦምብ ስትቃጠል ስለቀሩ ወንድምና እህት ነው። ሴይታ 14 ዓመቱ፣ ሴትሱኮ 4 ዓመቷ ነው። እናታቸው በቃጠሎው ትሞታለች። አክስታቸው ጋ ይጠጋሉ፤ አክስትየዋ እህሉን ትቆጥርባቸዋለች። ልጁ ኩራት አለበት፣ እህቱን ይዞ ይወጣል። ሴትሱኮ አንዲት የከረሜላ ቆርቆሮ አለቻት። ከረሜላው ሲያልቅ ወንድሟ ውኃ ይጨምርበትና ይነቀንቀዋል። ቆርቆሮው ላይ የቀረውን ጣዕም ትጠጣለች። ታሪኩን የጻፈው አኪዩኪ ኖሳካ ራሱ እህቱን በረሃብ ያጣ ሰው ነው። ፊልሙ ገና ሲጀምር ልጁ መሞቱን ይነግራችኋል። በተስፋ አያታልላችሁም።

«ጎረቤቴ ቶቶሮ» ውስጥም ሁለት ልጆች አሉ። እህትማማቾች ናቸው። እናታቸው ሆስፒታል ተኝታለች። ከአባታቸው ጋር እሷ ወዳለችበት አቅራቢያ፣ ገጠር ይገባሉ። ትንሿ ጫካ ውስጥ አንድ ትልቅ ጸጉራም ፍጡር ታገኛለች። ዝናብ በሚዘንብበት ማታ አውቶቡስ ሲጠብቁ አጠገባቸው መጥቶ ይቆማል፤ ጃንጥላ ይሰጡታል። በቃ፣ ይኸው ነው። ክፉ ሰው የለበትም። ጠብ የለበትም።

ታዲያ ቶቶሮን ከሌሎች «ደስ የሚሉ» ፊልሞች የምለየው በአንድ ነገር ነው። እናትየዋ በተአምር አትድንም። ቤት ትመጣለች የተባለበት ቀን ይራዘማል፤ ትልቋ ልጅ ፈርታ ታለቅሳለች። ትንሿ አንድ እሸት በቆሎ ታቅፋ ለእናቷ ልታደርስ ብቻዋን መንገድ ትወጣና ትጠፋለች። መጨረሻ ላይ እናትየዋ አሁንም አልጋ ላይ ናት። በቆሎው ግን መስኮቱ ላይ ተቀምጧል፤ ሽፋኑ ላይ «ለእማዬ» ተብሎ ተጭሮበታል። የሚያዛኪ እናት ራሷ በአከርካሪ ነቀርሳ ለዓመታት ታማ ነበር። ይህን የሠራው የሚያውቅ ሰው ነው።

ስለዚህ ሁለተኛው ጥያቄዬ፣ የርቀቱ ጉዳይ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ይስተካከላል። ቶቶሮ ለሚያስታምም ሰው ቅርብ ነው። ግን ቁስሉን አይጫነውም፤ እጁን አጠገቡ ነው የሚያሳርፈው። አባቴ ታሞ በነበረ ጊዜ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ በስልኬ ያየሁት እሱን ነው። በቆሎዋን ሳይ አለቀስኩ። ያ ለቅሶ ግን አላደከመኝም። «የአብሪ ትሎችን» በዚያ ወቅት ብከፍት ኖሮ ነገ ጠዋት አባቴን ፊቴን አስተካክዬ ማየት የምችል አይመስለኝም።

ሁለቱን በአንድ ቀን ለማየት የምታስቡ ካላችሁ፣ አሳዛኙን አስቀድሙ። በቶቶሮ ጨርሱ።

መርዶ ማለዳ ነው የሚነገረው

አባቶቻችን ስለ ፊልም ባያውቁም ከባድ ነገር እንዴት እንደሚቀርብ ያውቃሉ። መርዶ ለሰው የሚነገረው ማለዳ ነው። ጎረቤት ተጠርቶ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ውኃ ተዘጋጅቶ። ውጭ አገር ያለ ሰው ሲሆን ጓደኞቹ ተደዋውለው በጠዋት ቤቱ ይሄዳሉ እንጂ በስልክ «እንዲህ ሆነ» አይሉትም። ሰዉ ያንን ከባድ ነገር ብቻውን፣ በጨለማ እንዳይቀበለው ነው። ከዚያም ለቅሶው ከወጣ በኋላ ማጫወት ይመጣል። ካርታ የሚጫወት አለ፣ የድሮ ነገር አንሥቶ የሚያስቅ አለ። ማንም ነውር ነው አይልም። ተራው ስለ ደረሰ ነው።

ከባድ ፊልምንም በዚሁ ሥርዓት እዩት። እኩለ ሌሊት፣ ብቻችሁን፣ አልጋ ላይ፣ በጆሮ ማዳመጫ አታድርጉት። ቅዳሜ ከሰዓት ይሻላል። ሰው ይኑር። በ2016 የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች አሳዛኝ ፊልም በቡድን ያዩ ሰዎችን ሲመዝኑ፣ ሕመም የመቻል አቅማቸውም አብሯቸው ካየው ሰው ጋር ያላቸው ቅርበትም ጨምሮ አግኝተውታል። ለቅሶ ደራሽ ይህንን ድሮ ነው የሚያውቀው።

ብቻችሁን የምትኖሩ ብዙ ናችሁ። ቤይሩትም ሆነ ሪያድ በሰው ቤት የምትሠሩ እህቶች ፊልም የምታዩት ሥራ ሲያልቅ፣ እኩለ ሌሊት ነው። ሌላ ሰዓት የላችሁም። እናንተ ሌሊቱን ለሚያስቀው አድርጉት። ከባዱን ለእረፍት ቀን፣ ከጓደኛ ጋር በቪዲዮ እየተደዋወላችሁ የምታዩት አድርጉት።

ተስፋ ሁሉ አንድ አይደለም

ተስፋ የሚሰጥ ፊልም ስትመርጡ የሚዋሽ እንዳይገጥማችሁ። የሚዋሽ የምለው፣ ጠንክሮ የሠራ ሁሉ ይሳካለታል፣ ከልቡ የወደደ ሁሉ ያገኛል የሚለውን ነው። በደህና ቀን ምንም አይደለም። በክፉ ቀን ግን ይህ ፊልም በተዘዋዋሪ «ያልተሳካልህ አንተ ስለሰነፍክ ነው» ይላችኋል። ከሥራ ለተቀነሰ ሰው ከዚህ የከፋ ቃል የለም።

የማይዋሸውን ለማወቅ አንድ ነገር እዩ፤ ችግሩ ሲፈታ ማን ነው የፈታው? በ1946 የወጣው «ኢትስ ኤ ወንደርፉል ላይፍ» ውስጥ ጆርጅ ቤይሊ የሚባለው ሰው በገና ዋዜማ 8,000 ዶላር ጠፍቶበት፣ ራሱን ሊያጠፋ ድልድይ ላይ ይቆማል። ገንዘቡን የወሰደው ሀብታም እስከ መጨረሻው አይቀጣም። ገንዘቡም ከእሱ አይመለስም። የሚያተርፈው ጎረቤቱ ነው። ሁሉም ያለችውን ይዞ ቤቱ ይመጣል፣ ጠረጴዛው ላይ ይቆልልለታል። ለእኛ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም፤ እድርተኛው የመጣ ነው የሚመስለው። ፊልሙ ሲወጣ ገበያ ላይ አልሆነለትም ነበር። በ1974 የባለቤትነት መብቱ ሳይታደስ ቀረና የቴሌቪዥን ጣቢያዎች በየገናው በነፃ ያሳዩት ጀመር። ከዚያ ወዲህ ነው የተወደደው።

ግን ተጠንቀቁ። ራስን ስለ ማጥፋት ሐሳብ በፊታችሁ ካለ፣ ይህም ፊልም ቢሆን ለብቻ የሚታይ አይደለም። በ1994 የወጣው «ዘ ሾሻንክ ሪደምፕሽንም» እንዲሁ ነው። ሰው ሁሉ ተስፋ ይሰጣል እያለ ይመክረዋል፤ እውነትም ይሰጣል። ነገር ግን መሃሉ ላይ ከ50 ዓመት እስር በኋላ የተፈታ አንድ ሽማግሌ አለ፤ ውጪውን መልመድ አቅቶት ራሱን ይሰቅላል። መካሪዎቹ ይህን አይነግሯችሁም።

መውጫ ያለው ጨለማና የሌለው

አሳዛኝ ፊልሞችም እርስ በርስ ይለያያሉ። መውጫ በር ያለው አለ፣ የሌለው አለ።

መውጫ ላለው የምጠቅሰው በ2014 የወጣውን የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪን «ድፍረት»ን ነው። ተጠልፋ፣ ተደፍራ፣ ጠላፊዋን በጥይት ስለገደለች ልጅና ስለ ጠበቃዋ ነው። ከእውነተኛ ታሪክ የተነሣ ነው። በዚያው ዓመት ሰንዳንስ በሚባለው የአሜሪካ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። ስሙ ራሱ ሁለቱንም ይይዛል፤ ድፍረት ጀግንነትም ነው፣ መደፈርም ነው። ሌላ ቋንቋ ተናጋሪ ይህን አይሰማውም። እኛ ግን ርዕሱን ስናነብ ነው የሚሰማን። ፊልሙ ጨለማውን አሳይቶ ወደ ፍርድ ቤት፣ ወደ ነፃነት ይወስዳችኋል። በፍትሕ ተስፋ ለቆረጠ ሰው እመክረዋለሁ። ተመሳሳይ ጥቃት ለደረሰባት ሴት ግን «ጠንካራ ያደርግሻል» ብላችሁ አትክፈቱላት። መጀመሪያ ምን እንዳለበት ንገሯትና ራሷ ትወስን።

መውጫ ለሌለው ደግሞ በ2016 የወጣውን «ማንቸስተር ባይ ዘ ሲ»ን ላንሣ። ልጆቹን በእሳት ያጣ ሰው ታሪክ ነው። በፊልም ወግ ሰውየው መጨረሻ ላይ ይድናል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። አይድንም። አልችለውም ይላል፤ ፊልሙም አያስገድደውም። መጀመሪያ ሳየው ጨካኝ ፊልም መስሎኝ ነበር። እናቴ ከሞተች በኋላ ደግሜ ሳየው ግን በጣም አጽናንቶኛል። ሰው ሁሉ «ጠንከር በይ»፣ «ጊዜ ያሽረዋል» በሚልበት ሰሞን፣ አንድ ፊልም ቁጭ ብሎ «አዎ፣ አንዳንዱ አይሽርም» አለኝ። መውጫ የሌለው ጨለማ ሰው እንዲህ በምክር ሲሰለች ነው የሚጠቅመው። ተስፋ ሲያልቅበት ግን አይደለም። ልዩነቱን ራሳችሁ ታውቁታላችሁ።

የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ»፣ በ2008 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማት ያገኘው፣ ከዚህ ሁሉ ለብቻው የሚቀመጥ ነው። ከጀርመን ተምሮ የተመለሰ ሰው ትዝታ ውስጥ ሆኖ ያንን የቀይ ሽብር ዘመን ያሳያል። ለወጣቶች ያስፈልጋል እላለሁ። ያንን ዘመን ላዩ አባቶችና እናቶች ግን ሳትጠይቁ አትክፈቱባቸው። አጎቴ ሳሎን ተቀምጦ ጥቂት እንዳየ ተነሥቶ ግቢ ወጣ። ፀሐይ እስክትጠልቅ አልተመለሰም። እሱ ፊልም አልነበረም የሚያየው።

አደጋው ገና እያለ ስለ አደጋው ማየት

በ2020 መጀመሪያ ኮሮና ሲገባ ብዙ ሰው ፈልጎ ያየው «ኮንቴጅን»ን ነበር። በ2011 የወጣ፣ ስለ ገዳይ ወረርሽኝ የሚተርክ ፊልም ነው። የእኔን ደንብ የሚያፈርስ ይመስላል፤ መከራው ገና ነው፣ ፊልሙም ከቅርብም ቅርብ ነው። ግን ምክንያት አለው። ያ ሰሞን ሰው የሚያስፈራውን ነገር መልኩን አያውቀውም ነበር። ፊልሙ በሽታው ከሰው ወደ ሰው እንዴት እንደሚሄድ፣ ክትባት እንዴት እንደሚፈለግ፣ መጀመሪያና መጨረሻ አድርጎ አሳየ። ፍርሃት ቅርጽ ሲይዝ ይቀላል። በ2021 የወጣ ጥናትም አስፈሪ ፊልም የሚወዱ ሰዎች በወረርሽኙ ጊዜ የተሻለ ተረጋግተው እንደነበር ጠቁሟል። ጥናቱ ግንኙነቱን ነው ያየው እንጂ ፊልሙ አረጋጋቸው አላለም። ከልጅነቱ አስፈሪ ፊልም የሚወድ ሰው ካለ ተዉት፣ ይክፈት። የማይወድ ሰው ግን መድኃኒት ነው ብሎ አይጀምር።

ጦርነት ግን እንደ ወረርሽኝ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ የተቃጠለ ቤት፣ የወደቀ ሰው ሲያይ የዋለ ሰው፣ ማታ የጦርነት ፊልም መክፈት የለበትም። በ2013 ቦስተን ላይ በማራቶን ውድድር ቦምብ ከፈነዳ በኋላ የተደረገ ጥናት አለ። በዚያ ሳምንት በቀን ስድስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ስለ ፍንዳታው ዜናና ምስል ሲከታተሉ የነበሩ ሰዎች፣ እዚያው ቦታው ላይ ከነበሩት ሰዎች የባሰ ጭንቀት ታይቶባቸዋል። ስለዚህ ከፊልሙ በፊት ዜናውን ቁጠሩት። ጨለማው ቀን ላይ ሞልቶ ከሆነ ማታ አትጨምሩበት።

እንደየሁኔታው

ለሚያስታምም ሰው አጭርና ቀላል ይሁን፤ የሃያ ደቂቃ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ከሁለት ሰዓት ፊልም ይሻላል፣ ምክንያቱም ነርስ ትጠራችኋለች፣ ታማሚው ይነቃል። ያያችሁትን ደግማችሁ ማየትም ጥሩ ነው። መጨረሻውን ስለምታውቁት ልብ አይሰቀልም።

ከአገር ርቆ ናፍቆት ለያዘው የያሬድ ዘለቀን «ላምብ» እመክራለሁ። በ2015 በካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ በይፋዊው ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። እናቱ በድርቅ ዘመን የሞተችበት ኤፍሬም የሚባል ልጅ ዘመድ ቤት ይሰጣል፤ በጉን ይዞ። ልጁ እንደ እናቱ ወጥ መሥራት ይችላል፣ ወንድ ሆኖ ምድጃ ሥር መቀመጡ ያስነቅፈዋል፣ እሱ ግን ሳምቡሳ ሠርቶ እየሸጠ ወደ አገሩ የሚመለስበትን ብር ያጠራቅማል። ሐዘን አለው፣ ግን አየር አለው። ተራራው አረንጓዴ ነው። ሆድ ባር ባር ያሰኛል እንጂ አያሳምም።

ልጆች ካሉ ደግሞ እነሱ ይምረጡ። ያንኑ ፊልም አሥር ጊዜ ከጠየቁ አሥር ጊዜ ክፈቱላቸው። ቤት ውስጥ የሆነው ነገር እየተለዋወጠ ሳለ የማይለወጥ ነገር ፈልገው ነው።

እንቅልፍ ለሳምንታት ጠፍቶ፣ ምግብ አልገባ ብሎ፣ ፊልሙም ሳቁም ለቅሶውም ምንም የማይሰማችሁ ሆኖ ከቀጠለ፣ ወይም መኖር ካስጠላችሁ፣ ያ የፊልም ምርጫ ጉዳይ አይደለም። ዛሬውኑ ለምታምኑት ሰው ንገሩ፣ የአእምሮ ጤና ክፍል ያለው ሆስፒታል ሂዱ። አብሯችሁ የሚሄድ ሰው ይዛችሁ ብትሄዱ ይቀላል።

የእናታችን ሙት ዓመት ባለፈው ወር ዋለ። እንግዳው ማታ ላይ ተሸኘ። ሰሃኑን አጥበን ጨረስን። እህቴ ነጠላዋን አጣጥፋ ሶፋው ላይ ቁጭ አለች። ላፕቶፑን አምጥቼ ምን ልክፈት አልኳት።

«ዛሬ የሚያስቅ ክፈቺ» አለችኝ።

አንድ የድሮ ኮሜዲ ከፈትኩ። አሥር ደቂቃም አልሞላውም። ከሌላኛው ክፍል ባለቤቷ «ምን ሆናችሁ?» እያለ ወጣ። ሳቋ እስከዚያ ድረስ ይሰማ ነበር።